ሁለተኛ ድምፅ

ሮበርት ፕላንትን ብዙዎቻችን የምናውቀው በጩኸቱ ነው፤ ወርቃማ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የሚበተነው የሌድ ዜፕሊን ድምፃዊ። ከበሮ መቺያቸው ጆን ቦንሃም እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሞት ቡድኑ ተበተነ። ዲሴምበር 10 ቀን 2007 ለአንድ ምሽት ለንደን ላይ ሲመለሱ ግን የቲኬት ጥያቄው ወደ 20 ሚሊዮን መድረሱ ተዘገበ። ከዚያ በኋላ ዓለምን እየዞሩ ቢጫወቱ የሚገኘውን ገንዘብ አስቡት!

ፕላንት እምቢ አለ። በ2008 ለኮንሰርት ጉዞ የወጣው በ23 ዓመት ከምታንሰው አሜሪካዊት የብሉግራስ ዘፋኝና ቫዮሊን ተጫዋች፣ ከአሊሰን ክራውስ ጋር ነው። «ሬይዚንግ ሳንድ» የተባለውን የጋራ አልበማቸውን ያወጡት ገና ባለፈው ዓመት ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ግን እምቢታው አይደለም። ሰውየው በሁለተኛ ድምፅ አጅቦ መዝፈን አልለመደም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከፊት ቆሞ ዜማውን ስሜቱ እንደመራው ሲያጥፍና ሲዘረጋ ነው የኖረው። ሁለት ድምፅ አብሮ ሲሄድ ይህ አይሆንም፤ ትናንት በተነፈሳችሁበት ቦታ ዛሬም መተንፈስ አለባችሁ፤ አለዚያ አጠገባችሁ ያለችውን ታሰናክላላችሁ። (ባለትዳሮች ይህን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።) ወደ 60 የተጠጋው ሰው ተማሪ ሆነ፤ አስተማሪዋም ክራውስ።

በ2009 የዓመቱን ምርጥ አልበም ጨምሮ አምስት ግራሚ ወሰዱ። ከአምስቱ አንዱን ያስገኘው «ፕሊዝ ሪድ ዘ ሌተር» ፕላንት ከሌድ ዜፕሊኑ ጊታሪስት ከጂሚ ፔጅ ጋር በ1998 ያወጣው ዘፈን ነው። አሁን ከክራውስ ጋር ቀስ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደገመው።

ሁለተኛው የጋራ አልበማቸው የወጣው በ2021 ነው። 14 ዓመት ቆይተው፣ አሁንም አብረው።