ጎዳና የሚጀምረው ከወረዳው መስኮት ነው

የጎዳና ልጅ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን ወደ ምጽዋት እንሮጣለን። ዳቦ ይሰጠው፣ ብርድ ልብስ ይልበስ እንላለን። መስጠቱን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ይህ ወጣት መንገድ ላይ ከማደሩ በፊት ስንት በር አንኳኩቶ እንደ ተመለሰ የሚጠይቅ ብዙ አላየንም።

በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የጦር ኃይሎች የባቡር መስመር በምሥራቅ የሚያበቃው አያት ላይ ነው። እዚያ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ወጣት ሲሚንቶ ተሸክሞ ፎቅ ይሠራል፤ ሲመሽ እዚያው ጅምር ሕንፃ ውስጥ ይተኛል። በርና መስኮቱ የተገጠመ ዕለት ማደሪያው አለቀ።

ቤት ልከራይ ቢል አከራዩ መታወቂያ ይጠይቀዋል። መታወቂያ ላውጣ ብሎ ወረዳ ቢሄድ፣ ከአገርህ መሸኛ፣ ከዚህም የቤት ቁጥር አምጣ ይባላል። ቋሚ ሥራ ቢፈልግ ዋስ ጥራ ይሉታል፤ ዋስ የሚያገኝ ደግሞ ደመወዝተኛ ዘመድ ያለው ነው። ለቤቱ መታወቂያ፣ ለመታወቂያው ቤት! ይህን ቋጠሮ ያሰረው ድህነት ብቻ አይደለም፤ የጽሕፈት ቤት አሠራር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ፋይዳ ሰውየው ማን እንደ ሆነ የሚመሰክር ከሆነ፣ ወረዳው ያለ ቤት ቁጥር ለጊዜው ቢመዘግበው ምን ይጎድላል?

በክበበ ፀሐይ፣ በቀጨኔና በኮልፌ ማሳደጊያዎች ያደጉትንም እናስብ። 18 ዓመት ሲሞላቸው ሕጉ ለአካለ መጠን ደርሳችኋል ይላቸዋል። እኛ በዚያ ዕድሜ የሻይ ገንዘብ ከቤት ይላክልን ነበር። ከማሳደጊያ የሚወጣ ልጅ መታወቂያውን በኪሱ ሳይዝ፣ የሚያድርበት ክፍል ሳይታወቅ፣ ማሳደጊያውም ራሱ ዋስ ሳይሆነው መሰናበት አይገባውም።

የ1320/2016ቱ የኪራይ አዋጅ ተከራዩን ቢያንስ ለሁለት ዓመት በውል ይጠብቀዋል፤ መልካም ነው። በአንዲት ክፍል ስድስተኛ ሆኖ የሚያድረው፣ ስሙ በውሉ ላይ የሌለውስ?

ከወደቁ በኋላ ለመያዝ ግን ሕግ አጥተን አናውቅም። በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት አዋጅ ወጣ። ከዚያም በፊት በንጉሡ ዘመን ለማኞችና ድኾች እየታፈሱ ከመገናኛ ብዙም በማይርቀው ሾላ ይታጎሩ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የዚህ ማኅበር ታላላቆቻችን ድህነት ወንጀል ነውን? እያሉ አደባባይ የወጡት ስለዚሁ ነው። ዛሬ ጥያቄው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ መነሣት አለበት እንላለን፤ ከአፈሳው በፊት፣ ከጎዳናውም በፊት።

በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የቤት ሕግ፣ በ56 ቀን ውስጥ ቤት ሊያጣ ለተቃረበ ሰው የአካባቢው አስተዳደር አስቀድሞ እንዲደርስለት ያስገድዳል። እነርሱ ገንዘብ አላቸው የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በየወረዳው ማደሪያ ሊያጡ የተቃረቡ ወጣቶችን የሚመዘግብ አንድ ጸሐፊና አንድ መዝገብ ለማቆም የዌልስ ሀብት አያስፈልግም።

ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም። ከክፍለ ሀገር የመጣን ተማሪዎች በምረቃ ሰሞን ክሊራንስ ስንጨርስ መታወቂያውን እንመልሳለን፣ ዶርሙን እንለቃለን። እዚህ ዘመድ የሌለው በማግስቱ ከአያቱ ልጅ ጋር በአንድ መስኮት ፊት ይሰለፋል፤ ልዩነታቸው ዲግሪው ነው፣ እርሱም የቤት ቁጥር የለውም። ስለዚህ ማኅበራችን ለከተማው አስተዳደር ይጻፍ፦ ጊዜያዊ ምዝገባ ያለ ቤት ቁጥር ይፈቀድ፤ የማሳደጊያና የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ እንደ መሸኛ ይቆጠር። ደብዳቤውም ከምረቃው ቀን በፊት ይድረስ።