ለኩፍኝ ተገኝቶ ለዚህ ለምን ጠፋ?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በረካው ተጠጥቶ ጎረቤቱ ሲበተን አንዲት አያት ወደኋላ ቀሩና እጄን ያዙኝ። ከመወለዱ ጀምሮ ኤችአይቪ በደሙ ያለበትን የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ዕድሜው 16 ነው፤ ሁኔታውንም ያውቃል።

«ኪኒኑን ትራሱ ሥር አገኘሁት። ስጠይቀው ‹ምንም አላመመኝም፣ ደህና ነኝ› አለኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቆየት ብለው፣ «ለኩፍኝ ተከትቦ አረፈ። ለዚህ ክትባት ለምን ጠፋ ልጄ?» ስማቸውን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

የሁለቱም ነገር መነሻ አንድ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ መልኩን እምብዛም ስለማይቀይር ሰውነት በክትባት አንዴ ካወቀው አይስተውም። ኤችአይቪ ግን ሬትሮቫይረስ ከሚባሉት ወገን ነው። ነጭ የደም ሴል ውስጥ ሲገባ ወደ 10,000 ፊደል የሚጠጋውን የዘረመል ጽሑፉን እኛ ዘረመል በተጻፈበት ቋንቋ ይገለብጣል። ገልባጩ ኢንዛይም እንደ ችኩል ጸሐፊ ነው፤ ፊደል ይስታል፣ የሳተውንም ተመልሶ አያርምም። ሕክምና ባልጀመረ ሰው ሰውነት ውስጥ ደግሞ በቀን በቢሊዮን የሚቆጠር ቫይረስ ይፈጠራል። አብዛኛው ስህተት የሚጎዳው ቫይረሱን ራሱን ነው። ጥቂቱ ግን የላይ ልብሱን ይቀይርለታል። ሰውነት የትናንቱን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሲያዘጋጅ የዛሬው ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቀዋል። ቫይረሱ አስቦበት አይደለም። ያልተያዘው ይተርፋል፣ የተረፈውም ይባዛል።

አይጦችም ይህ ፈተና አለባቸው። ሉኪሚያ የሚያመጣባቸው ሬትሮቫይረስ አለ። የአይጥ ሰውነት አፖቤክ3 በተባለ ፕሮቲን ግልበጣውን ሊያበላሽበት ይሞክራል፤ ቫይረሱ በበኩሉ በስኳር የተለበጠ ተጨማሪ ፕሮቲን ሠርቶ ይከለልበታል። ኤችአይቪ እንዲህ ያለውን የኛን ተከላካይ ጨርሶ ያስወግደዋል። ገልባጩ ኢንዛይምም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970፣ ኤችአይቪ ገና ሳይታወቅ፣ ዴቪድ ባልቲሞር በአይጥ፣ ሃዋርድ ቴሚን ደግሞ በዶሮ ቫይረስ ላይ ሲመራመሩ ነበር። አይጥን ብንጠላም ይህን ውለታዋን መካድ አይቻልም።

ዛሬ ብዙዎች የሚወስዱት አንድ ፍሬ ኪኒን ሦስት መድኃኒት ይዟል። ሁለቱ ያንን ችኩል ጸሐፊ ያስቆማሉ፤ ሦስተኛው የተገለበጠው ጽሑፍ ከኛ ዘረመል ጋር እንዳይሰፋ ይከለክላል። ካልተገለበጠ አይሳሳትም፤ ካልተሳሳተም አይለወጥም። ልጁ ደህና የሆነው ለዚህ ነው እንጂ ቫይረሱ ስለለቀቀው አይደለም። በሴሎች ውስጥ ተደብቆ አለ። ኪኒኑ አንድ ቀን ተውጦ ሁለት ቀን ሲዘለል ቫይረሱ በደከመ መድኃኒት መሀል መገልበጥ ይጀምራል፤ ከስህተቶቹም መድኃኒቱ የማይነካው ሊወጣ ይችላል። ያኔ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት መፈለግ ይመጣል።

መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከፍለው መግዛት ያልቻሉ ወላጆችን የቀበርን ሰዎች ትራስ ሥር የተደበቀ ኪኒን ስናይ እንቆጣለን። እሳቸውም ተቆጥተው ነበር፤ የልጁን እናት የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ግን የ16 ዓመት ልጅ በቁጣ ኪኒኑን የሚደብቅበትን ቦታ ይቀይራል እንጂ አይውጥም። ለምን እንደተወው ቀስ ብለው እንዲጠይቁት፣ የዘለለውን ቀን ሳይደብቅ ለጤና ባለሙያዋ እንዲነግራትና የቫይረሱ መጠን በደሙ እንዲለካ ነገርኳቸው።

ማታ ደወሉልኝ። ጓደኞቹ ቤት ሲያድር ኪኒኑን ይዞ መሄድ አፍሮ ነበር ለካ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው።

«አብሬው ልግባ ወይስ ውጭ ልጠብቀው?» አሉኝ።

«እሱን ይጠይቁት» አልኳቸው።