ጣና ገዳም የገባው ሳይንቲስት

ልጃችሁ የጠፈር ፊልም እንጂ መጽሐፍ አልነካም ካለ ይህ ክረምት ጥሩ ጊዜ ነው። በተለይ አያቶቹን ሊጠይቅ ጋይንት፣ እስቴ ወይም ስማዳ ወገዳ ድረስ የሚሄድ ከሆነ «ዴርቶጋዳ»ን ሻንጣው ውስጥ ክተቱለት።

የይስማዕከ ወርቁ ልቦለድ በ2001 ዓ.ም. ነው የታተመው። በአሜሪካ የጠፈር ምርምር የሠራ ኢትዮጵያዊ ጣና ላይ ገዳም ገብቶ ተሰውሯል፤ የውጭ ሰላዮች ያድኑታል። ብዙ አንባቢ ይህን ሰው ሲያይ ቦንጋ የተወለደው ኪትአው እጅጉ ትዝ ይለዋል።

ታሪኩ ይጋነናል፤ አጋጣሚውም ይበዛል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅን ሌሊቱን የሚያስነብበው ግን እሱው ነው። ለአዋቂ የተጻፈ የስለላ ታሪክ በመሆኑ እናንተ ቀድማችሁ አንብቡት።

ልጆቻችን ሮኬት የፈረንጅ፣ የአያት አገር ደግሞ የገብስና የድንች ብቻ ይመስላቸዋል። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትሄዱ ጉማራ ድልድይ ላይ ንገሩት፦ ጉማራም ርብም የሚነሡት ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው፤ የእስቴና የላይ ጋይንት ሰው ዘወትር ከሚያየው። ሁለቱም ጣና ይገባሉ፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሐይቅ ያ ነው።

«ተረት ነው» ካለ ደግሞ፣ መጽሐፉ በታተመ በ11ኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ 2012፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተወንጭፋለች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ የአንድ ጎልማሳ ሰው ያህል።

ከወደደው ቀጣዩ «ራማቶሓራ» ነው።