«መቅኔው ተቀየረ» ሲባል ምኑ ነው የተቀየረው?

ቴሌግራም ላይ «ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ህንድ መሄድ አለበት፣ እንረባረብ» የሚል ጥሪ ሳታዩ አትቀሩም። ብሩ ሲሞላና ሕክምናው ሲያልቅ «መቅኔው ተቀየረ፣ ተመስገን!» ይባላል፤ ፖስቱም እዚያው ያቆማል። በእኔ እይታ ግን ማንም ያላሰበው ሒሳብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ምክንያቱም መቅኔ ሙሉ በሙሉ አይቀየርም። ለደም ካንሰር ከለጋሽ የሚወሰዱት ደም የሚያመርቱት ስቴም ሴሎች ናቸው። የሚሰጡትም አጥንት ተበስቶ ሳይሆን ልክ እንደ ደም በደም ሥር ነው። ታዲያ አጥንት ውስጥ መግባት እንዳለባቸው በምን ያውቃሉ? መቅኔ ውስጥ ያሉት ደጋፊ ሕዋሳት (ስትሮማል ሴል ይባላሉ) ሲኤክስሲኤል12 የሚባል ፕሮቲን እያመነጩ ይጠሯቸዋል። ሲደርሱም ማረፊያ ይሰጧቸዋል፣ መቼ እንደሚባዙና መቼ እንደሚያርፉ ምልክት ይልኩላቸዋል። ስኮፊልድ የተባለ ተመራማሪ ስቴም ሴል ያለ ማረፊያው ስቴም ሴል ሆኖ አይዘልቅም የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው በፈረንጆቹ 1978 ነው።

ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ደሙ የለጋሹ ሲሆን ደጋፊ ሕዋሳቱ ግን በአብዛኛው የታማሚው የራሱ ሆነው ይቀራሉ። ካንሰሩን ለማጥፋት የተሰጠው ኬሞና ጨረር ደግሞ እነሱንም መትቷቸዋል። ተከራዩ አዲስ ነው፣ ቤቱ ግን እሳት የነካው። አንዳንዴም የለጋሹ የመከላከያ ሕዋሳት የታማሚውን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁ ያው ቤት እንደገና ይጎዳል። ነጭ የደም ሴል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ብቅ ቢልም የመከላከል አቅም በደንብ እስኪመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። የማረፊያው መጎዳት ብቸኛው ባይሆንም አንዱ ምክንያት ነው።

«ደጋፊ ሕዋሳቱንስ ከለጋሽ መውሰድ አይቻልም?» ትሉ ይሆናል። በ2024 መጨረሻ የአሜሪካው ኤፍዲኤ ራዮንሲል የተባለ ከለጋሽ መቅኔ የሚዘጋጅ ሕክምና ፈቅዷል፤ ያውም የለጋሹ ሕዋሳት ጥቃት በስቴሮይድ አልበርድ ላላቸው ሕጻናት ብቻ። ሥራው የተቆጣውን መከላከያ ማረጋጋት ነው እንጂ ቤት ማደስ አይደለም። የወጣለት ዋጋ ለአንድ ጊዜ ብቻ 194 ሺሕ ዶላር! ኢኮኖሚክስ ተምሬም ቁጥሩ አዞረኝ።

ስለዚህ የዕርዳታ ጥሪ የምታዘጋጁ ልጆች፣ ከንቅለ ተከላው ዋጋ ሥር የመጀመሪያውን ዓመት ወጪም ጻፉ። ተደጋጋሚ የደም ምርመራ አለ፣ የኢንፌክሽን መድኃኒት አለ፣ ሆስፒታል አጠገብ የቤት ኪራይ አለ፣ በልጅነት የተወሰደ ክትባት እንኳን እንደገና ይሰጣል። «ተመስገን» ካላችሁ በኋላም በ3ኛው፣ በ6ኛው ወር ሌላ ፖስት ልቀቁ።