የማይናገር ደብዳቤ

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳይነገር የታለፈበት ይመስለኛል። በጽሑፍ ያለ ነገር የሚወረሰው ያነበበው ሰው ሲገባው ብቻ ነው። የማይገባ ጽሑፍ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም ከተረሳ ቃል አይሻልም፤ እንዲያውም ይከፋል። የተረሳ ቃል ቦታ አይዝም፥ ባለጉዳይም አያመላልስምና።

በመጽሔታችን ስለ ግጥም፥ ስለ ተውኔትና ስለ ልብ ወለድ ታሪክ እንጽፋለን። ይኽ መልካም ነው። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፥ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ዕድሜያችንን የምንፈጅበት ጽሑፍ ግጥምም ተውኔትም ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ሕዝቡም መንግሥቱን የሚያውቀው በዚሁ ደብዳቤ ነው። እኔ ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ፥ በባሕር ዳር ከተማ በመዝገብ ቤት ሥራ ጀምሬ እስከ ዛሬ ከወረቀት ጋር የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ በእጄ ያለፈውን እናገራለሁ። ጥፋቱም ከእኔ አልራቀምና ከራሴ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከዘጌ በጀልባ እየመጡ ወደ መሥሪያ ቤታችን ይመላለሱ ነበር። ባላቸው በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ ሞተዋል። በእኛ መዝገብ የሟቹ አገልግሎት 11 ዓመት ነው፤ ጉዳዩን በሚወስነው መሥሪያ ቤት መዝገብ ግን 9 ዓመት ሆኖ ተገኘ። አንባቢ እንደሚያውቀው በጡረታ ሕጋችን 10 ዓመት ታላቅ ድንበር ነው። 10 ዓመት የሞላ እንደ ሆነ ለሚስት በየወሩ አበል ይታሰባል፤ ያልሞላ እንደ ሆነ ግን አንድ ጊዜ ዳረጎት ተሰጥቶ ነገሩ ይዘጋል። እንግዲህ የሁለቱ ዓመት ልዩነት ለእኚህ ሴት የዕድሜ ልክ እንጀራ ነበረ። ይኽንኑ በደብዳቤ የማስረዳት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝና እንዲህ ስል ጻፍሁ፦

«ከላይ በርእሱ ለመጥቀስ እንደ ተሞከረው፥ ቁጥሩና ቀኑ ተጠቅሶ ለመሥሪያ ቤታችን በተጻፈው ደብዳቤ መነሻነት የባለጉዳይዋን አቤቱታ በተመለከተ አስፈላጊው ማጣራት የተደረገ ሲሆን፥ በተገኘው ማስረጃ መሠረት በሚመለከተው አካል በኩል ተገቢው ታይቶ አግባብነት ያለው ውሳኔ እንዲሰጥበት ይሆን ዘንድ እየገለጽን፥ ስለሚደረግልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝ። አለቃዬም ሳያርሙ ፈረሙበት፤ ማኅተም ተመታበት። ሴትዮዋም በመጡ ጊዜ «እማማ፥ ይኸው ደብዳቤዎ ተጽፏል» ብዬ ግልባጩን ሰጠኋቸው። «ልጄ፥ ዓይኔ ደክሟልና አንብብልኝ» አሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ማንበቡንስ አነበብኽልኝ፤ ምን ይላል?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ደብዳቤው ምንም አይልም ነበርና። 11 የሚል ቍጥር የለበትም፤ 9 የሚልም የለበትም። ልዩነት መኖሩን እንኳ አይናገርም። ማን ምን እንዲያደርግ እንደ ተጠየቀ አይታወቅም። የተቀበለውም መሥሪያ ቤት በዚያው ቋንቋ «ተገቢው ማጣራት ተደርጎ እንዲገለጽልን» ሲል መልሶ ጻፈ። እኛም እንደገና ጻፍን። እንዲህ እየተባባልን ሰባት ወር ሄደ፤ ሴትዮዋም ቡናቸውን እየሸጡ የጀልባ ሒሳብ ከፈሉ። በመጨረሻ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ አንድ ባልደረባችን መዝገቡን አስመጥተው አዩና አራት መሥመር ጻፉ፦

«የሟቹ አገልግሎት በእኛ መዝገብ 11 ዓመት፥ በእናንተ መዝገብ 9 ዓመት ነው። ልዩነቱ የመጣው የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የቅጥር ደብዳቤ ወደ እናንተ ስላልተላለፈ ነው። ደብዳቤው ከዚህ ጋር ተያይዟል። መዝገባችሁን አርማችሁ ውሳኔውን በ15 ቀን ውስጥ አሳውቁን።»

መልሱ በ11 ቀን መጣ፤ አበሉም ተፈቀደ። እኔ ግን እስከ ዛሬ «ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም።

ደብዳቤ ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፥ ያችው የዘጌ ምድር ምን እንዳየች ላስታውሰው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ማንነታቸውን፥ በቱርክ የደረሰባቸውን ችግርና መልእክተኛ ለመላክ የሚፈልጉ መሆናቸውን በግልጽ የሚናገር ነበረ። በዚያው ዓመት ለንደን ደረሰ፤ ነገር ግን ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲመራ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠብቀው ጠብቀው ባጡ ጊዜ በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ከንጉሡ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ራሳም በጣና ምሥራቅ ዳር በቆራጣ ተቀምጦ፥ ንጉሡ ደግሞ በዘጌ ሰፍረው ሳሉ መልእክት ተለዋወጡ፤ እስረኞቹም ተፈቱ። ነገር ግን መተማመን አስቀድሞ ጠፍቶ ነበርና በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ራሳም ለመሰናበት ሐይቁን ተሻግሮ ዘጌ በደረሰ ጊዜ እርሱም ተያዘ። የቀረውን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጄኔራል ናፒየር ወደ 13000 የሚሆን ጦር ይዞ መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ።

ጦርነቱን ያመጣው ያልተመለሰ ደብዳቤ ብቻ ነው አልልም፤ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረበት። ነገር ግን የአንድ ጸሓፊ የአንድ ቀን ሥራ፥ ማለትም «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ መልሱን እንልካለን» የሚል አንድ መሥመር፥ ስንት ሚሊዮን ፓውንድ ከወጣበትና ስንት ነፍስ ከጠፋበት ዘመቻ ይረክስ እንደ ነበር አንባቢ ይፍረድ።

ሁለተኛው ምስክር የውጫሌ ውል ነው። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፥ የአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል ለመነጋገር እንዲችሉ ይፈቅዳል፤ የጣሊያንኛው ቃል ግን ያስገድዳል። በመቻልና በመገደድ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ግሥ ነው። ሮማ ላይ ያ ግሥ ጥበቃ ተብሎ ተተረጐመ፤ ዐድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በደም ታረመ። እንግዲህ «ግሥ ምን ያደርጋል፥ ዋናው ሐሳቡ ነው» የሚል ጸሓፊ ይኽን ያስብ።

ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ።

አንደኞቹ «አጭርና ግልጽ አድርጎ መጻፍ አክብሮት ማጕደል ነው፤ ረዥም ደብዳቤ ጨዋነት ነው» ይላሉ። የጥንቱን ልማድ ባያውቁ ነው። የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት ደብዳቤ «ይድረስ» ብሎ፥ ሰላምታ ሰጥቶ፥ ደኅንነት ጠይቆ ከዚያ በኋላ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ሰላምታው ለክብር ነው፤ ጉዳዩ ግን ዕራቁቱን ይነገራል። አዋጅም በነጋሪት ሲነገር የሚሰማው ገበያተኛ ነበረ፤ ገበያተኛው ካልገባው አዋጅ አይባልም። ታዲያ ይኽ የእኛ «ይሆን ዘንድ እየገለጽን» ከየት መጣ? ከአባቶቻችን አልወረስነውም። ለባለጉዳዩም ትልቁ አክብሮት ጊዜውን አለማጥፋት ነው።

ሁለተኞቹ የቅኔን አገር ያነሡብኛል። «ጎጃም ሰምና ወርቅ የሚፈታበት ምድር ነው፤ አማርኛን እንደ ቴሌግራም ቃል ለምን ታደርቀዋለህ?» ይላሉ። እኔም ቅኔን አከብራለሁ። ነገር ግን ቅኔ ሰም ቢኖረው ከሥሩ ወርቅ አለው፤ ሰሚውም ወርቁን ለማግኘት ወዶ ይደክማል። የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ግን ሰሙን ቢያቀልጡት ከሥሩ የሚገኝ ወርቅ የለውም። ባለጉዳዩም ቅኔ ሊፈታ አልመጣም፤ የመሬቱን፥ የአበሉን፥ የልጁን ጉዳይ ሊያስፈጽም ነው የመጣው።

ሦስተኞቹ አይናገሩም፤ ነገር ግን የነገሩ ሥር ያለው ከእነርሱ ዘንድ ነው። እነዚህ ደብዳቤውን የሚያጨልሙት ሳያውቁ ሳይሆን ዐውቀው ነው። «ይፈጸም» ካልሁ እጠየቃለሁ፤ «አይፈጸምም» ካልሁም እጠየቃለሁ፤ ስለዚህ «ተገቢው እንዲታይ» ልበልና ልዳን የሚል ሐሳብ አላቸው። «የሚመለከተው አካል» የሚባለው ስመ ጥር ባለሥልጣን የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ይኽ አካል ማን ነው? ራስ አለውን? እጅ አለውን? ወንበሩስ በስንተኛው ፎቅ ነው? ብዙ ዘመን በመንግሥት ሥራ ስኖር አንድ ቀን አግኝቼው አላውቅም፤ ሁሉም ሰው ግን ጉዳዩን ወደ እርሱ ይመራል። አማርኛችን አድራጊውን በግሡ ውስጥ የሚናገር ቋንቋ ሆኖ ሳለ፥ እኛ «ተደርጓል፥ ተወስኗል፥ ታምኖበታል» እያልን አድራጊውን ሸሸግነው። ሰው በጨለማ ሲጽፍ የሚሸሽገው ፊደሉን አይደለም፤ ራሱን ነው።

እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሕጉም አይደግፈውም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጹ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ግልጽነት በሩን ከፍቶ መቀመጥ ብቻ አይደለም፤ በተከፈተው በር የሚወጣው ወረቀትም የሚነበብ ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ ነቅፎ መፍትሔ አለማሳየት ተገቢ ስላልሆነ፥ ከባልደረባችን የተማርሁትን በአጭሩ አቀርባለሁ።

ደብዳቤ ሲጻፍ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የምንፈልገው ነገር ይነገር፤ ምክንያቱ ይከተል። አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ ሁለት ጉዳይ የያዘ ደብዳቤ አንዱን ያስመልሳል፥ ሁለተኛውን ያስቀብራል። ቍጥር፥ ቀንና ስም ባለበት ቦታ «ጥቂት፥ በቅርቡ፥ የሚመለከተው» አይባል።

ዐረፍተ ነገሩም ይጠር። ይኽ በሌላ ቋንቋ ምክር ቢሆን፥ በአማርኛ ግዴታ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነውና፥ አንባቢው ጉዳዩ ይፈቀድ ወይም ይከልከል የሚያውቀው ከመጨረሻው ቃል ሲደርስ ነው። ስድሳ ቃል ደርድረን ማሰሪያውን በስድሳ አንደኛው ስናስቀምጥ፥ ሰውየውን ትንፋሹን ውጦ ድልድይ እንዲሻገር እናስገድደዋለን። «ሲሆን» እና «እየገለጽን» በመጣ ቍጥር አራት ነጥብ አድርጎ ማረፍ ይሻላል።

ግልባጭም ለሚሠራበት ሰው ብቻ ይላክ። ለዐሥር ክፍል በግልባጭ የተላከ ነገር ዐሥሩም «ሌላው ይፈጽመዋል» ብለው ይተዉታል። የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ደግሞ መልስ ይገባዋል፤ መልሱ «አይቻልም» ቢሆንም እንኳ። «አይቻልም» የተባለ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ምንም ያልተባለ ሰው ግን በደጃችን ቆሞ ይቀራል።

ስለ ዛሬው ልማድ አንድ ቃል ልጨምር። አሁን ብዙው የሥራ ትእዛዝ በስልክና በቴሌግራም ያልፋል። ፈጣን ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በስልክ የተወሰነው ነገር ወደ መዝገብ ካልገባ፥ ኀላፊው ሲዛወር ውሳኔው አብሮት ይዛወራል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ከባዶ ይጀምራል፤ ባለጉዳዩም ከባዶ ይጀምራል። በቃል የተባለውን በዚያው ቀን በሁለት መሥመር ጽፎ ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ ከአምስት ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም።

በመጨረሻም ለባልደረቦቼ አንድ ነገር እለምናለሁ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጽፋችሁ ለፊርማ ከማቅረባችሁ በፊት፥ ለተላላኪው ወይም በር ላይ ለቆመው ባለጉዳይ ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። በራሱ ቃል መልሶ ከነገራችሁ ደብዳቤው ይሂድ። ዝም ብሎ ካያችሁ ግን ወረቀቱን ቀድዳችሁ እንደገና ጻፉ። አንድ ወረቀት ብትቀድዱ የምትከስሩት የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው። ያ ደብዳቤ እንዲሁ ቢሄድ ግን የጀልባውን ሒሳብ የምትከፍለው ከዘጌ የምትመጣው ሴት ናት።