በፍሬ የሚሸጠው ሲጋራና ጢስ የጠገበው ሳንባችን

አበው ቀሳውስት ትምባሆን ከመናፍቁ ከአርዮስ ሬሳ የበቀለ ቅጠል ነው እያሉ ምእመናኑን ያስጠነቅቁ እንደ ነበር፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛም አጫሹን ከንፈሩን እስከ ማስቆረጥ የሚደርስ ቅጣት ደንግገው እንደ ነበር ሽማግሌዎች ሲያወሱ የሰማ የዛሬ ወጣት ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ቅጣቱ በእርግጥ ጭካኔ ነበረ፤ ትረካውም ትረካ ነው። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ዐዋቂ ሕዝባችን ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሆኖ መገኘቱ፣ ያ ውግዘት ለዘመናት ካሳደረው ነውርነት ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኛል። ዛሬ ነውሩ ሲላላ፣ ትምባሆ በሥጋ ላይ የሚያደርሰውን ለወጣቱ በቅጡ ያስረዳነው ግን ጥቂቶች ነን።

በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ፣ ተሳፋሪ በሚበዛበት ሥፍራ ሱቅ በደረቴውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ ማስቲካውንና ሶፍቱን በአንድ ወገን፣ አፉ የተቀደደ የሲጋራ ፓኬት በሌላ ወገን ደርድሮ፣ ላይተሩንም በክር አስሮ ሲዞር ማየት ብርቅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲጋራ በነጠላ እንዳይሸጥ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም ጨርሶ እንዳይሸጥ ከልክሏል። አንድ ፍሬ ምን ያደርጋል የሚለው የገዢው መጽናኛ ግን ከአዋጁ ይልቅ ይደመጣል።

አንድ ፍሬ የሚያደርገው ይህ ነው። የሳንባችን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ እነርሱን ያለበሰው ስስ ፈሳሽ ግሉታታዮንና ቫይታሚን ሲን የመሳሰሉ፣ የኦክሲጅንን ጠንቀኛ ውላጆች የሚያመክኑ ንጥረ ነገሮችን አከማችቶ ይኖራል። አጫሹ አንድ ጊዜ በሳበ ቁጥር ግን በጢሱ ጋዝ ውስጥ ብቻ አንድ ሚሊዮን ጊዜ አንድ ቢሊዮን ያህል ፍሪ ራዲካሎች፣ ማለትም የጎደላቸውን ኤሌክትሮን ካገኙት ነገር ሁሉ ለመንጠቅ የሚጣደፉ ቅንጣቶች፣ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፤ መከላከያው ከጥቃቱ ሲያንስ የሕዋሱ ስብ፣ ፕሮቲኑና የዘር ቅንጣቱ ይጎዳል፤ ሊቃውንት ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሉትም ይህንኑ ነው። ጢሱ ከጠፋ በኋላ እንኳ የተለጠፈው ጥቁር ዝፍት ሥራውን አያቆምም። ሊከላከሉ የሚሰበሰቡት ነጭ የደም ሕዋሳትም በበኩላቸው እነዚያኑ የኦክሲጅን ጠንቀኛ ውላጆች ያፈስሳሉ፤ የሳንባን ተለጣጭ ክር የሚበላውን ኢላስቴዝ የተባለ ኢንዛይምም ይለቅቃሉ። ይህን በላተኛ በደኅናው ጊዜ አልፋ አንድ አንቲትሪፕሲን የሚባል ፕሮቲን ይገታው ነበር፤ ዳሩ ግን ጢሱ ይህንኑ ዘበኛ ኦክሲዳይዝ አድርጎ ስለሚያሽመደምደው፣ የከረጢቶቹ ግድግዳ ቀስ በቀስ እየፈረሰ፣ የገባው አየር መውጫ እያጣ፣ ሰውየው በኤምፊዚማ ደዌ ደረጃ መውጣት እስኪሳነው ይደርሳል።

በአዊ ምድር ነገሩ ይብሳል። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ፣ በአፈር ደፍኖ አክስሎ ለአዲስ አበባ ገበያ ይልካል፤ ይህን እንጀራውን የሚነቅፍበት ሰው ጓዳውን ያላየ ነው። ይሁን እንጂ ክምሩን ሌት ከቀን የሚጠብቀው ወጣት የሚተነፍሰው ጢስ፣ በልጅነቱም እናቱ እንጀራ ስትጋግር በጭስ ቤቱ የተነፈሰው፣ ያንኑ የሳንባ መከላከያ የሚያጎድል ስለሆነ፣ ሲጋራው የሚደርሰው እንደ ሰኔ ጎተራ ወደ ተራቆተ ሳንባ ነው። ኦክሲጅን በሚሳሳበት በእንጅባራ ከፍታ ላይ፣ ከኦክሲጅን ይልቅ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ከደም ጋር የሚጣበቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲታከልበት ደግሞ አስቡት።

ወተት ይጠርገዋል የሚሉ አሉ። ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይወርድም። ቫይታሚን በክኒን መዋጥም አጫሹን አላዳነውም፤ በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበትና በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ እንዳገኛቸው አሳይቷል። በአንጻሩ ማጨስ ባቆሙ ሰዎች ደም ውስጥ የኦክሲዴሽኑ ጉዳት ምልክት በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሲቀንስ ታይቷል።

ስለዚህ የወረዳዎቻችን የጤናና የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ከሁሉ አስቀድመው በፍሬ ሽያጩን ቢይዙ እወዳለሁ፤ ተማሪ ለአንድ ፍሬ የሚሆን ሳንቲም አያጣም፣ ለሙሉ ፓኬት ግን ኪሱ ይከብደዋልና። በደንብ አስከባሪ የሚባረረውም ያ ሱቅ በደረቴ የያዘ የደሀ ልጅ ብቻ አይሁን። ፓኬቱን በደርዘን የሚያስረክበው አከፋፋይ ንግድ ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ በአደባባይ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ነው፤ ተጠያቂነቱ ከእርሱ ደጅ ይጀምር።