ጎንደር ከፋሲል ግቢ ቅጥር ባሻገር

ወደ ጎንደር የሚጓዝ እንግዳ አስቀድሞ የሚያስበው የፋሲል ግቢን ነው። አፄ ፋሲለደስ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሩ በኋላ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ አፄ ዳዊት፣ አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በየዘመናቸው ያሳነጿቸው ሕንፃዎች 900 ሜትር በሚረዝም የድንጋይ ቅጥር ውስጥ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢው ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሳነጹት የቁስቋም ቤተ መንግሥት፣ የአፄ ፋሲል መዋኛ፣ ከከተማዋ ውጭ ያለው የጉዛራ ቤተ መንግሥትም የምዝገባው አካል ናቸው። የጎብኚው ቆይታም ሆነ የጥገናው በጀት ግን በአብዛኛው በግቢው ዙሪያ ሲወሰን ይስተዋላል።

ከተማዋ ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ የነገሥታት መናገሻ ሆና ቆይታለች። በ44ቱ ታቦቶቿ የምትታወቀው ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1888 የመሐዲስት ጦር ሲገባባት በርካታ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጥለዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በመትረፉ በጣሪያው ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዛሬም ይታያሉ፤ በአካባቢው ትውፊት ቤተ ክርስቲያኑን ያዳነው የንብ መንጋ ነው።

ለቅርሶቹ አያያዝ ወሳኙ ጉዳይ የግንባታቸው ጥበብ ነው። ግንቦቹ የታነጹት በድንጋይና በኖራ ነው። ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ወቅት በተደረገው እድሳት ሲሚንቶና በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ይህ ከነባሩ አሠራር ጋር የማይጣጣም ሆኖ በመገኘቱ በኋላ በአብዛኛው በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ሲሚንቶ እርጥበትን አፍኖ በመያዝ ድንጋዩን ይጎዳል፤ ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል። ይሁንና ጥሩ ኖራ በውኃ ከተፈታ በኋላ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይኖርበታል፤ ሰኔ 30 የሚዘጋን በጀት አይጠብቅም። ገንዘቡ ዘግይቶ ሲለቀቅ ሥራው ከክረምቱ ዝናብ ጋር ይጋጫል። በዝቅተኛ ዋጋ አሸናፊውን የሚለይ ጨረታም የኖራ ባለሙያን ከተራ ግንበኛ አይለይም። በቅርብ ዓመታት በፋሲል ግቢ የተከናወነው ሰፊ ጥገና ዘላቂ የሚሆነው ሙያው በቋሚነት የሚያዝበት አሠራር ሲኖር ነው።

የከተማዋ እድገት ሌላው ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. ከ794 ጀምሮ ከሺህ ዓመታት በላይ የጃፓን መናገሻ የነበረችው ኪዮቶ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት በ2007 ባወጣችው የከተማ ገጽታ ፖሊሲ በማዕከሏ የተፈቀደውን የሕንፃ ከፍታ ከ45 ወደ 31 ሜትር ዝቅ አድርጋለች። ውሳኔው የቦታ ባለይዞታዎችን ቅሬታ ማስነሳቱ አልቀረም። ጎንደር የኪዮቶ ሀብት የላትም፤ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ከቅርስ ባለሙያው ጋር እንዲመክር ማድረግ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከከተማዋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገበ ሲሆን፣ በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2017 ከዝርዝሩ ሊወጣ ችሏል። የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ የተዛወሩበትና የግጦሽ ጫናን ለመቀነስ የተሠራበት ይህ ውጤት የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ አካላት ሲቀናጁ የሚገኘውን ፍሬ ያመለክታል።

የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ከተከፈለ ወዲህ ግን ጎንደር፣ ደባርቅና ጎርጎራ በተለያዩ አስተዳደሮች ሥር ናቸው። የ2020ው ወረርሽኝ፣ የሰሜኑ ጦርነትና ከ2023 ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭት የጎብኚውን ፍሰት አዳክመው አስጎብኚዎችንና የሆቴል ሠራተኞችን ከገቢ አራርቀዋል። ሰላሙ ሲጸና የሚመጣው እንግዳ የዞን ወሰን አያውቅም። ጠዋት ቁስቋምን አይቶ ከሰዓት ወደ ጎርጎራ፣ በማግስቱ ወደ ደባርቅ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው የሦስቱንም መረጃ በአንድ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ከወዲሁ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።